የደጋ ልጅ ነኝ ብዬ ሊታንግ ላይ የከፈልኩት ዋጋ

ደብረ ብርሃን ማደግ ለሊታንግ አይበቃም። ይህን የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ነው የተጎዳሁት፣ ስለዚህ እኔ ልንገራችሁ።

ሊታንግ ቻይና፣ ሲቹዋን ውስጥ ያለች የቲቤቶች ከተማ ናት። ከፍታዋ 4,014 ሜትር ነው፤ የቲቤት ዋና ከተማ ላሳ እንኳ 3,650 ገደማ ናት። ለላሳ ልዩ ፈቃድና አስጎብኚ ያስፈልጋል። ለሊታንግ የቻይና ቪዛ ይበቃል፤ አንዳንዴ አካባቢው ለውጭ ሰው ስለሚዘጋ ግን ቀድማችሁ ጠይቁ። ከሲቹዋን ዋና ከተማ ከቸንግዱ ካንግዲንግ በአውቶቡስ፣ በማግስቱ ሌላ አውቶቡስ። ይሄ ቀላል ነው።

ጥፋቴ ካንግዲንግ ላይ ነው። ከተማዋ 2,500 ሜትር ላይ ስለሆነች ከአዲስ አበባ ብዙም አትበልጥም። አንድ ሌሊት አድሬ ቀጠልኩ። ቸንግዱ፣ 500 ሜትር ላይ፣ ሦስት ዓመት መኖሬን አላሰብኩትም። ሰውነት የለመደውን ከፍታ በሳምንታት ውስጥ ይረሳል።

ዠዱዎ የሚባለውን 4,298 ሜትር የሚደርስ ተራራ ስናቋርጥ ራሴን ያመኝ ጀመር። ሊታንግ ስንገባ መሽቷል፣ ግንባሬ ይወቅረኛል። የመጀመሪያው ሆቴል «የውጭ ሰው አንቀበልም» አለኝ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛው እሺ አለ፤ ግን እንግዳ የሚቀበለው ልጅ ፓስፖርቴን ኮምፒውተሩ ላይ መመዝገብ አቃተው። ቪዛዬን ፎቶ አነሳ፣ ፖሊስ ጋ ደወለ፣ ጠበቀ፣ እንደገና ደወለ፣ እኔ ግድግዳ ተደግፌ አንድ ሰዓት ሙሉ ስቆም ቁጭ በል ያለኝ የለም። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ሌሊቱን ሲያስመልሰኝ አደረ። የገዛሁት የኦክስጅን ቆርቆሮ ትንሽ ያሳርፈኛል፣ ከዚያ ሕመሙ ይመለሳል። ሁሉም «ኦክስጅን ያዝና ሂድ» ይላል። እኔ አልስማማም። ገንዘቡን ለአዳር አውሉት፦ ካንግዲንግ ሁለት ሌሊት፣ 3,400 ሜትር አካባቢ ያለችው ሺንዱቻው ሁለት ሌሊት፣ ከዚያ ሊታንግ። የከፍታ ሕመም መከላከያ የሆነውን መድኃኒት፣ ዳያሞክስን፣ ሐኪም አማክራችሁ ከመውጣታችሁ አንድ ቀን በፊት ጀምሩ። ሆቴሉ የውጭ ሰው ይቀበል እንደሆነ ከቸንግዱ ሳትነሱ ደውሉ። ሕመሙ ከባሰ፣ በተለይ መራመድ ካንገዳገዳችሁ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ውረዱ።

ጠዋት ምድጃው አጠገብ አንዲት አሮጊት ተቀምጠው ነበር። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ የተቆላ የገብስ ዱቄት አደረጉ። ቅቤና ጨው ያለበት ሻይ ጠብ አደረጉበትና በአንድ እጃቸው ሳህኑን እያዞሩ በሌላው አሹት። ሽታው ሲደርሰኝ ደነገጥኩ። በሶ ነው! እነሱ ጻምፓ ይሉታል። አንድ ጉርሻ ጠቅልለው ሰጡኝ፣ መዋጥ ግን አልቻልኩም። ፊቴን አዩና በፌስታል ቋጥረው ኪሴ ውስጥ ከተቱልኝ።

እ.ኤ.አ. በ1580 የተመሠረተውን ትልቁን ገዳም ወደ ታች ስመለስ በአውቶቡስ መስኮት አየሁት። የቲቤት ቡድሂስቶች መሪ የነበሩት ሰባተኛው ዳላይ ላማ የተወለዱበትን ቤት ጭራሽ አላየሁም። ለዚህ ነበር የሄድኩት፤ አሁንም ይቆጨኛል።

ያጂያንግ፣ 2,600 ሜትር ገደማ፣ ስንደርስ ራሴን ለቀቀኝ። ራበኝ። ፌስታሉን ፈታሁ።