ለሮቶ ማንቂያ ብዬ ከትንሽ ቺፕ ጋር ያደርኩት ሌሊት

ሰፈራችን ውሃ የሚመጣው ሌሊት ነው። ሮቶው ሞልቶ ሲፈስ ሁሉም ተኝቷል። ሲሞላ የሚጮህ ነገር ልሥራ አልኩ። ያለችኝ ግን አንዲት አርዱዪኖ ኡኖ (ኮድ የሚጫንባት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ናት፤ እሷን ሮቶ ላይ ሰቅዬ ልቀር አልፈለግኩም። ለዚህ ሥራ ስምንት እግር ያላት አቲታይኒ85 የምትባል ቺፕ ትበቃለች። ችግሩ፣ ኮድ ከኮምፒውተር የሚገባባት ዩኤስቢ የላትም። ስለዚህ ኡኖዋን ኮድ መጫኛ አደረግኳት።

መጀመሪያ ኮምፒውተሬ ላይ ካለው የአርዱዪኖ ሶፍትዌር ምሳሌዎች ውስጥ «አርዱዪኖ አይኤስፒ» የሚለውን፣ ሌላ ቺፕ ላይ ኮድ እንድትጭን የሚያደርጋትን ኮድ ኡኖዋ ላይ ጫንኩ። ከዚያ ሽቦ። የኡኖ 10 ቁጥር ወደ ቺፗ 1ኛ እግር፣ 11 ወደ 5፣ 12 ወደ 6፣ 13 ወደ 7። 5 ቮልቱ 8 ላይ፣ ግራውንዱ (የኤሌክትሪኩ መመለሻ) 4 ላይ። ቺፗ ላይ ያለችው ነጥብ 1ኛውን እግር ታሳያለች። እኔ አላየኋትም። ገልብጬ ሰክቼ ጣቴን ሲያቃጥለኝ ነው የነቃሁት። ደግነቱ ሁለት ነበር የገዛሁት።

ሁለተኛዋን በትክክል ሰካሁ፤ «ኖት ኢን ሲንክ» (አልተግባባንም እንደማለት) የሚል ስህተት መጣ። ሽቦውን ሦስቴ ነቅዬ ሰካሁ። ለካስ ኮምፒውተሩ ግንኙነት ሲከፍት ኡኖዋ ራሷ ሪሴት ታደርጋለች፤ ማለትም እንደ አዲስ ትነሳለች። በዚያች ቅጽበት የምታዳምጠው የራሷን ኮድ ለመቀበል ነው። መፍትሔው እንደ አዲስ እንዳትነሳ የሚከለክላት ባለ 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለጊዜው የሚይዝ ትንሽ ዕቃ) ነው፤ ረጅሙ እግር የኡኖዋ ሪሴት ላይ፣ አጭሩ ግራውንዷ ላይ። ሶፍትዌሩ ላይ ፕሮግራመር ከሚለው ዝርዝር ደግሞ «አርዱዪኖ አዝ አይኤስፒ» የሚለው ነው የሚመረጠው። ተመሳሳይ ስም ያለው ሌላም አለ፤ እሱ አይደለም።

በመጨረሻ ኮዱ ገባ። በየሰከንዱ ብልጭ ማለት የነበረባት ኤልኢዲ (ትንሽ መብራት) ግን በየ8 ሰከንዱ ሆነች። እዚህ ላይ ነው ቺፗን መስደብ የጀመርኩት፤ ጥፋቱ ግን የኔ ነበር። ቺፗ ከፋብሪካ ስትወጣ 8 ሜጋኸርትዝ የሆነው የውስጥ ፍጥነቷ ለ8 ተካፍሎ በ1 ሜጋኸርትዝ ነው የምትሠራው። እኔ ሶፍትዌሩ ላይ 8 መርጫለሁ፤ መምረጥ ብቻውን ግን ቺፗን አይነካትም። አንዴ «በርን ቡትሎደር» የሚለውን መጫን ያስፈልጋል። ስሙ ያሳስታል እንጂ እዚህ ጋ የሚፈለገው የፍጥነቱን ቅንብር ቺፗ ውስጥ እንዲጽፍ ነው። ፍጥነቱን ስትመርጡ «ኢንተርናል» (የቺፗ የራሷ የውስጥ ሰዓት) የሚለውን ያዙ። «ኤክስተርናል» ካላችሁ ክሪስታል (ፍጥነቷን የሚወስንላት የውጭ ዕቃ) እስክታገኝ ድረስ መልስ አትሰጥም።

አሁን ሮቶው ሲሞላ ይጮሃል። በማግስቱ ኡኖዋ ላይ ሌላ ኮድ ልጭን ብል እምቢ አለች። ግማሽ ሰዓት ከታገልኳት በኋላ ነው ካፓሲተሩን እንዳላወለቅኩ ያየሁት።