ብሩ መሀል ላይ ቢቀር ማንን ልያዝ?

የምሠራበት ነዳጅ ማደያ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ስለሚገኝ፣ ደንበኞቻችን በአብዛኛው ወደ አዳማ የሚመላለሱ የጭነት አሽከርካሪዎችና የኮዬ ፈጬ ሚኒባሶች ናቸው። ሚያዝያ 16 ቀን 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መሸጡ ሲቀር፣ ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር፤ ሆኖም ከእነዚህ ደንበኞች ብዙዎቹ በስልክ ከፍለው አያውቁም ነበር።

በዚያ ሰሞን አሠራሩን እንዲያስረዳ ከአንድ ተቋም የተላከ ወጣት፣ አንድ በዕድሜ የገፉ የአይሱዙ አሽከርካሪ ሲያመነቱ አይቶ፣ ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማ «አባባ፣ ዘመኑ እኮ ጥሎዎት ሄደ» አላቸው። እርሳቸውም ሳይቆጡ «አሠራሩስ ገብቶኛል፣ ልጄ። ብሩ ከእኔ ወጥቶ እናንተ ዘንድ ሳይደርስ መሀል ላይ ቢቀር ማንን ነው የምይዘው?» ሲሉ ጠየቁት። ወጣቱ የሚጫኑትን ቁጥሮች ከመጀመሪያው ጀምሮ ደገመላቸው እንጂ መልስ አልሰጣቸውም።

ያ ንግግር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም በዕለቱ ከተነሡት ጥያቄዎች ሁሉ ቁም ነገር ያለው የእርሳቸው ነበር። ብሩን ለቀጂው በእጁ የሰጠ ሰው ጠብ ቢነሣ የሚይዘውን ያውቃል፤ በስልክ የከፈለ ግን አያውቅም። ስለዚህም አሽከርካሪዎቹ ከማደያው አጠገብ ካለው ወኪል ዘንድ የነዳጁን ዋጋ ልክ በጥሬ ገንዘብ ያስገቡና ወዲያውኑ ይከፍሉ ነበር፤ በስልካቸው ላይ አንድ ብር እንኳ አያሳድሩም። በሪፖርት ላይ ሁሉም ተጠቃሚ ተብለው ተቆጥረዋል፤ እኔ ግን መመሪያ ያስገደዳቸውን ሰዎች ቴክኖሎጂውን ተቀበሉ ለማለት አልደፍርም።

እ.ኤ.አ. በ1943 ብራይስ ራያንና ኒል ግሮስ በአሜሪካ አዮዋ ግዛት ስለ ድቅል የበቆሎ ዘር ባሳተሙት ጥናት፣ ገበሬዎቹ ስለ ዘሩ ወሬውን በብዛት የሰሙት ከሻጮች ሲሆን፣ እንዲዘሩት ይበልጥ ያሳመኗቸው ግን ጎረቤቶቻቸው ነበሩ። አብዛኞቹም መጀመሪያ ከማሳቸው በጥቂቱ ላይ ሞክረውታል። እነዚያን ገበሬዎች ኋላ ቀር የሚላቸው የለም፤ የእኛ አሽከርካሪ ያደረጉትም ከዚህ አይለይም።

የፈሩት ነገር አልቀረላቸውም። አንድ ቀን ከሒሳባቸው ብር ተቀንሶ ሳለ በማደያው ስልክ ላይ ማረጋገጫው ሳይታይ ቆየ፤ ኃላፊያችንም ናፍጣው እንዳይቀዳ ከለከለ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ግን የግብይቱን ቁጥር ከስልካቸው ላይ በመዝገብ አስፍራ፣ ስሟንና ስልኳን በወረቀት ጽፋ ሰጠቻቸውና «ጋሼ፣ ካልደረሰ እኔን ይያዙኝ» አለቻቸው። ማረጋገጫው ከሰዓት በኋላ ደረሰ፤ ናፍጣቸውም ተቀዳ።

ከዚያ በኋላ የጭነት ሒሳባቸውን በስልክ መቀበልና እዚያው ማሳደር ጀመሩ። ከአዳማ መስመር የሚመጡ ጓደኞቻቸውን ሲያስተምሩም በቅድሚያ የሚያሳዩዋቸው የግብይት ቁጥሩ በመልእክቱ ውስጥ የት እንደሚገኝ ነው፤ በሥልጠናው ላይ ይህን ያነሣ ሰው አልነበረም። ክፍያ ሲስተጓጎል ለማን እንደሚደወል የሚገልጽ ጽሑፍ በማደያው ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ በተደጋጋሚ ጠይቄያለሁ፤ እስካሁን የተለጠፈው ግን «ጥሬ ገንዘብ አንቀበልም» የሚለው ብቻ ነው።