ትርፍ የተጻፈበት ቼክ፦ የሙዚቃ ትምህርት ክፍያ ስቀበል የምከተለው አሠራር

ድሬዳዋ ውስጥ ኪቦርድና ክራር በግል አስተምራለሁ። አድራሻዬ ቴሌግራም ላይ ስላለ መልእክት ከየአቅጣጫው ይመጣል። አንዱ ዓይነት ግን የላኪው ስም ቢለዋወጥም ነገሩ ያው ነው። ሰውየው ውጭ አገር ነው፤ ለክረምት ልጆቹን ይዞ ይመጣል፤ አንዱ ልጅ ለአንድ ወር በሳምንት 3 ቀን እንዲማርለት ይፈልጋል፤ ክፍያውን አስቀድሞ በቼክ ይልካል። ቼኩ ሲደርስ ከተስማማነው ይበልጣል፤ ትርፉን ለሾፌሩ ወይም ለሞግዚቷ እንዳስተላልፍለት ይጠይቃል። ማጭበርበሩ ያለው እዚች ትርፍ ላይ ነው፤ ሌላው ሁሉ ማጀቢያ ነው።

«የአሜሪካ ቼክ ድሬ ላይ ምን ያደርጋል አቦ?» የሚል አይጠፋም። እዚህ ያለ ባንክ የውጭ ቼክ ቢቀበል እንኳ ወደ አወጣው ባንክ ልኮ እስኪያስከፍል ድረስ ብሩን አይሰጥም። ይህ መዘግየት ለአጭበርባሪው አይመቸውም። ስለዚህ «አሜሪካ ዘመድ የለዎትም? እሱ በሂሳቡ ያስገባው» ይላል። በኋላ ዕዳው የሚያርፈው እህትዎ ወይም አጎትዎ ላይ ነው።

ስሌቱን በቁጥር ልየው። ለምሳሌ 12 ክፍለ ጊዜ በ40 ዶላር ቢባል 480 ዶላር ነው። ቼኩ 2,450 ተብሎ ይመጣል፤ «ይመለስ» የሚባለው 1,970 ነው። የአሜሪካ ባንክ የገባለትን ቼክ ገንዘብ ብዙ ጊዜ በ1 ወይም 2 የሥራ ቀን እንዲወጣ ይፈቅዳል፤ ሕጉም ያስገድደዋል። ይህ ግን ባንኩ በእምነት ያስቀደመው ገንዘብ እንጂ ከቼኩ የተሰበሰበ አይደለም። ሐሰተኛነቱ ከቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንታት በኋላ ይታወቃል። ያኔ ባንኩ 2,450ውን ሙሉ ከዘመድዎ ሂሳብ ይቀንሳል፤ ለተመለሰው ቼክ ቅጣትም ሊጨምርበት ይችላል። 1,970ው በዌስተርን ዩኒየን ወጥቶ ሄዷል። «ካሺየር ቼክ ነው፣ ባንኩ ራሱ የፈረመበት» ማለቱም አያድንም፤ ባንክ የፈረመበት የሚሆነው እውነተኛ ሲሆን ነው።

ቼኩን በዓይን መመርመር ብዙም አያዋጣም፤ የሚመጣው ፎቶ ብቻ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ። ከታች ያለው የባንኩ መለያ ቁጥር 9 አሃዝ ነው፤ ከተጻፈው ባንክ ጋር መግጠሙን ማየት ይቻላል። ነገር ግን አጭበርባሪዎች የእውነተኛ ባንክ ቁጥር ስለሚገለብጡ መግጠሙ ማረጋገጫ አይሆንም። ባንኩን የሚደውሉለት ከሆነ ቼኩ ላይ በታተመው ስልክ አይሁን፤ ከባንኩ የራሱ ድረ ገጽ የተገኘውን ይጠቀሙ።

እኔ የምመረምረው መልእክቱን ነው። ደብዳቤው ብዙ ጊዜ የመሣሪያ ስም የለውም፤ «ትምህርትዎ» ብቻ ይላል፣ ለሒሳብ አስተማሪም ያው ይላካልና። ስለዚህ እጠይቃለሁ፦ ኪቦርዱ ባለ 49 ቁልፍ ነው ባለ 61? ልጁ ኖታ ያነባል ወይስ በጆሮው ነው? ክራር ከጀመረ በየትኛው ቅኝት ነው፣ በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰል ወይስ በአንቺ ሆዬ? እውነተኛ ወላጅ «እኔ አላውቅም፣ ልጁን ልጠይቀው» ቢል ጥሩ መልስ ነው። አጭበርባሪው ጥያቄውን ዘሎ «ቼኩ ላይ ሙሉ ስምዎን እንዴት ልጻፍ?» ይላል። ከልጁ ጋር የ5 ደቂቃ የቪዲዮ ጥሪ ስጠይቅ ደግሞ ሆስፒታል ይገባል ወይም መርከብ ላይ ይሆናል።

ሰዓቱም ይናገራል። ድሬን የሚያውቅ ሰው ከቀኑ 6 እስከ 10 ሰዓት ባለው ሙቀት ልጁን ከሳቢያን ሰፈር እስከ ከዚራ ሰፈር ድረስ አይልክም፤ ጠዋት ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ ይላል። ዋጋ የማይከራከር ወላጅም ያስጠረጥረኛል፤ እስካሁን አንድም አላየሁም።

የአገር ውስጡ ዓይነት ፈጣን ነው። «4,800 ልልክ ቁጥሩ ተገላብጦብኝ 8,400 ላክሁ፣ 3,600ውን ቶሎ መልስልኝ፣ ታክሲ ላይ ነኝ» ይላል፤ የደረሰኝ ፎቶ አብሮ ይልካል። ፎቶ ማስረጃ አይደለም። የቴሌብር መልእክት ላኪው 127 ሆኖ ነው የሚታየው፤ ከተራ የ09 ቁጥር የመጣ ከሆነ ሐሰት ነው። እኔ መልእክቱን ትቼ ቀሪ ሂሳቤን በ*127# ወይም በመተግበሪያው አያለሁ። ገንዘቡ በእርግጥ ገብቶ ቢሆንም ወደ ሌላ ሰው ቁጥር አልልክም፤ ከሌላ ተጭበርባሪ የመጣ ሊሆን ይችላል፣ ከሳሹ ሲመጣ ስሙ የሚገኘው የእኔ ነው። «በስህተት ላክሁ» የሚል ሰው ለቴሌብር ወይም ለባንኩ ያመልክት፤ እነሱ ይጠሩኛል። ሲፒኦ (ባንክ ራሱ የሚያወጣው የክፍያ ማዘዣ) ከሆነም አብሬው ወደ አወጣው ቅርንጫፍ ሄጄ እዚያው አስረጋግጣለሁ።

ለማንኛውም አዲስ ጠያቂ በመጀመሪያው መልሴ የምልከው ይህን ነው፦ «የ4 ክፍለ ጊዜ ክፍያ 1,600 ብር በቅድሚያ በባንክ ወይም በቴሌብር ይከፈላል። ቼክ አልቀበልም። ትርፍ ከገባ ለቀጣዩ ክፍለ ጊዜ ይያዛል፤ ለሌላ ሰው አላስተላልፍም።» አጭበርባሪው እዚህ ላይ ይጠፋል። ወላጁ «1,600 በዛ፣ 1,200 ይሁን» ይላል።

ቼኩ ዘመድ ሂሳብ ውስጥ ከገባ በኋላ የነቃችሁ ከሆነ፣ ዘመዳችሁ ከዚያ ገንዘብ አንድ ዶላር እንዳይነካና ባንኩን ዛሬውኑ እንዲያሳውቅ ንገሩት። ትርፉ ተልኮ ከሆነ አስተላላፊው ድርጅት ጋ ደውሎ እንዲያስቆም፤ ተቀባዩ ብሩን ካልወሰደ ሊመለስ ይችላል፣ ከወሰደ አይገኝም። መልእክቶቹን አታጥፉ፤ ቼኩ የመጣበትንም ፖስታ ከነማኅተሙ አስቀምጡ።