የሰባ ሰባት ልጅ

ከቀትር ጀምሮ ይዘንባል፤ መብራትም የለም። እዚህ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር፣ ሐምሌ ሲገባ ጉሙ እስከ በረንዳው ይመጣል። ያለ ምክንያት ሆዴን ባር ባር ይለኛል። ለላቦራቶሪው ጥበቃ ደወልኩለት፤ ጄኔሬተሩ ተነሥቷል፤ የደም ናሙናዎቹ ደኅና ናቸው። ሻማ ፍለጋ ጓዳ ስገባ እጄ የእማዬን እንስራ ነካ። እንዴት ይቀዘቅዛል!

ያ የጭልጋ ገበሬ ትዝ አለኝ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ከእናቱ ጋር መጣ። ከጋቢው ሥር ትንሽ ማሰሮ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ማሰሮው ውስጥ እርጥብ አሸዋ ነበር፤ አሸዋው ውስጥ ደግሞ የኢንሱሊን ብልቃጥ። በጋቢው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አድርጎ፣ ዕንቁላል እንደሚያቀብል ሰው በሁለት እጁ ሰጠኝ። ገጠር ማቀዝቀዣ ስለሌለ ኢንሱሊን እንዲህ ይጠበቃል።

እኔ የተማርኩት የስኳር በሽታ ወይ የሰውነት መከላከያ ቆሽትን የሚያጠቃበት ነው፣ ወይ በአብዛኛው ከውፍረት ጋር የሚመጣው። እሱ የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል፤ መከላከያው ቆሽትን ማጥቃቱን የሚያመለክተው ፀረ እንግዳ አካልም አልተገኘበትም። ደሙ በስኳር ተሞልቶ ሴሎቹ ይራባሉ። የጡንቻ ሴል ኢንሱሊን ሲደርሰው በውስጡ ያሉት ስኳር አስገቢ ፕሮቲኖች ወደ ሽፋኑ ይወጣሉ፤ ኢንሱሊኑ ሲያንስ አብዛኞቹ እዚያው ይቀራሉ። ጎተራው ሞልቶ፣ ቁልፉ ጠፍቶ፣ ቤተሰቡ ጦሙን እንደሚያድር ነው።

እናትየው «በሰባ ሰባት ነው የወለድኩት፤ ጡቴ ደርቆ ነበር» አሉኝ። ሌላ አልተናገሩም።

የዓለም ጤና ድርጅት ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር በሽታ ብሎ ራሱን የቻለ ምድብ የሰጠው በአውሮፓውያን 1985 ነው፤ የእኛው ሰባ ሰባት ማለት ነው። በ1999 ማስረጃው አልበቃም ተብሎ ከምድቡ ወጣ። በ2025 ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን «ዓይነት 5» ብሎ ስሙን መለሰለት። ዜናውን ያነበብኩ ዕለት አለቀስኩ። የጎንደር ሐኪሞች በዚያ ስም አልባ ዘመን እነዚህን ቀጫጭን የገጠር ሕሙማን ሲያክሙና ሲመዘግቡ ኖረዋል፤ ስም የሌለውን በሽታ ማከም ምን ያህል ብቸኝነት እንዳለው አይቻለሁ።

ኢንሱሊን የሚያመነጩት የቆሽት ሴሎች ብዙውን የሚበዙት በማህፀንና በጨቅላነት ዕድሜ ነው። በዚያን ጊዜ የደረሰ ረሃብ እስከ ጎልማሳነት ይከተላል ወይ? የሥራ ዘመኔ የሚያልፈው በዚህች ጥያቄ ዙሪያ ነው።

እኔም የሰባ ሰባት ልጅ ነኝ። በአንድ ክረምት ተወልደን እሱ ማሰሮ ይዞ መጣ፤ እኔ ከጠረጴዛው ወዲህ ተቀመጥኩ። የስንቱን እናት «ያኔ ምን ትበሉ ነበር?» ብዬ ጠይቄ መዝግቤአለሁ። እማዬን ግን አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም። ያን ዓመት እኔን ያጠገበችኝ የማንን ድርሻ ቀንሳ ይሆን?