የድሬ ሙቀትና አንድ ሜትር ፋይበር

ድሬዳዋ በምንሠራበት ላብራቶሪ አምስት ኪሎ ሜትር ጥቅል ፋይበር፣ ብርሃን የሚያስተላልፍ ቀጭን የብርጭቆ ክር፣ አለን። የሌዘር ብርሃን በውስጡ እንልክና ድግግሞሹ ሳይዛነፍ ወዲያኛው ጫፍ መድረሱን እናያለን። ፋይበር ሙቀትም ንዝረትም ይሰማዋል፤ ሁለቱም የብርሃኑን ሞገድ ያንሸራትቱታል። መላው ግን የታወቀ ነው። ጫፉ ላይ ያለ መስታወት ከብርሃኑ ጥቂቱን ይመልሳል፣ ሲመለስ ኖይዙን (መንገድ ላይ ያገኘውን መንሸራተት) ሁለት ጊዜ ተሸክሞ ይመጣል፣ ኮምፒውተሩ ላይ የተሰካው ዲጂታል ካርድ ይለካውና ግማሹን መነሻው ላይ ይቀንስለታል። ጀርመኖች በዚሁ ዘዴ በ920 ኪሎ ሜትር ፋይበር ላይ ያገኙትን ውጤት እ.ኤ.አ. በ2012 አሳትመዋል። የሚደንቅ ሥራ ነው።

የኛ ጉድ የሚመጣው ከቀትር በኋላ ነበር። ስክሪኑ ላይ ካርዱ የሚያሳየው ቀሪ ስህተት ዜሮ ነው። የደረሰውን ብርሃን ከመነሻው ጋር በቀጥታ ስናስተያይ ግን ይዋልላል። ጥርጣሬው ሁሉ የካርዱን ፕሮግራም በጻፈው ልጅ ላይ አረፈ፤ ቆጣሪው የሞገዱን ሙሉ ዙር እየዘለለ ነው ተባለ፣ እሱም ኮዱን ሲመረምር አደረ።

ጠረጴዛውን የምታሰናዳው ቴክኒሻናችን ግራፉን ቆማ ስታይ ቆየችና፣ «አቦ ጋሼ፣ ዙር ቢዘል ደረጃ ደረጃ ይሠራ ነበር እኮ። ይሄ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣ የሚወርደው። ቬንትሌተሩ ወዲህ በዞረ ቁጥር ነው» አለችኝ። ሄዳ አጠፋችው። ግራፉ ረጋ።

ቬንትሌተሩ የሚነፍሰው ጥቅሉ ላይ አልነበረም፤ እዚያ ላይ ቢሆን ካርዱ ያርመው ነበር። የሚነፍሰው መነሻው ላይ ካርዱ ለማነጻጸሪያ ወደሚጠቀምበት ሌላ መስታወት በምትሄድ አንድ ሜትር ፓች ኮርድ (አጭር የፋይበር ገመድ) ላይ ነው። ካርዱ የሚመለሰውን ብርሃን የሚያመሳስለው ከዚህች ገመድ ከሚመጣው ጋር ነው። እሷ ስትንሸራተት ካርዱም በታማኝነት አብሯት ይንሸራተታል፣ ስህተት የለም ይላል። አንድ ሜትር ፋይበር አንድ ዲግሪ ሲሞቅ ደግሞ በኛ ሌዘር ሰባት ዙር ያህል ይንሸራተታል፤ የድሬ አየር ከቀትር በኋላ የሚያደርገውን አስቡት! የካርዱ ዜሮ የሚናገረው ስለ ራሱ ቀለበት፣ ማለትም እየለካ ስለሚያርመው የብርሃን መንገድ፣ ብቻ ነው፣ ከቀለበቱ ውጭ ስላለው ምንም አያውቅም። ያንን ሁላችንም በወረቀት እናውቀው ነበር፣ በጣት ያሳየችን ግን እሷ ናት።

ገመዷን ወደ አንድ ስንዝር አሳጠርናት፣ መስታወቱንም አብረን ስፖንጅ በተለጠፈበት የአሉሚኒየም ሳጥን ውስጥ ከደንነው። አሁን የቀጥታ ማነጻጸሪያው ውጤት ከካርዱ ቁጥር ጎን ሳይመዘገብ ማንም ሙከራ አይዘጋም። ከልጁ ኮድ አንድ መስመር አልተነካም፤ ይህንንም ሁሉም ባለበት ነግሬዋለሁ።