የኤድ ውድን ዱካ በሰነድ መከተል

ስለ አሜሪካዊው የፊልም ዳይሬክተር ኤድ ውድ የሚወራው ወሬ ብዙ ነው፤ ወደ እውነቱ የሚያደርሰው ግን ሰነድ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መነሻው ሙሉ ስሙ ነው፦ ኤድዋርድ ዴቪስ ውድ ጁኒየር፣ በ1924 ኒውዮርክ ግዛት ፖኪፕሲ ከተማ የተወለደ። «ጁኒየር» የምትለዋን ቃል የዘለለ አባትና ልጅን ያደባልቃል። የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ከ72 ዓመት በኋላ ስለሚከፈት የ1930፣ የ1940 እና የ1950ው ይነበባል። ስሙ ካልተገኘ በመንገዱ አድራሻ ይፈለግ፤ የእጅ ጽሑፉ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ስም ብዙ ጊዜ ይበላሻል።

የውትድርና ማኅደር የሚጠየቀው ሴንት ሉዊስ ካለው ብሔራዊ መዝገብ ቤት ነው። ወታደሩ ከተሰናበተ 62 ዓመት ካለፈው ማንም ሰው መጠየቅ ይችላል። የ1973ቱ ቃጠሎ የምድር ጦርንና የአየር ኃይልን ማኅደሮች በሚሊዮን አወደመ፤ ውድ ግን የባሕር ኃይል እግረኛ ነበር፣ ይህ ትልቅ ዕድል ነው።

ከሁሉም የሚያሳስተው የፊልሞቹ ዓመት ነው። «ፕላን 9» በ1956 ተቀረጸ፣ በ1957 በሌላ ርዕስ ለሙከራ ታየ፣ በሰፊው የተሠራጨው ከዚያ ወዲህ ነው። ስለዚህ ከአንድ ዓመት ይልቅ ሦስቱንም ለየብቻ መመዝገብ ይሻላል፤ የጋዜጣ ማስታወቂያም በሁለቱም ርዕስ ይፈለግ።

የጠፋ የመሰለ ፊልም ደግሞ በፊልም አጣቢው ቤት ይጠየቅ። የውድ «ናይት ኦቭ ዘ ጉልስ» ለዓመታት የተደበቀው የላቦራቶሪው ሒሳብ ስላልተከፈለ ነበር፤ ዕዳው ሲከፈል ወጣ።