ፎርድ 8ኤን፣ ዲስክ ሃሮና የቨርጂኒያ ቀይ አፈር

ቨርጂኒያ፣ ኩልፔፐር አካባቢ፣ ከቤታችን ጀርባ ግማሽ ኤከር ያህል መሬት አለን። ለዓመታት ሣር ሲበቅልበትና ሲታጨድ ኖሯል። ጎመን፣ ቃሪያ፣ ድንችና በቆሎ ላበቅልበት ስነሳ የመጀመሪያው ጥያቄ በምን ይታረሳል የሚል ነበር። በአካፋና በዶማ አይሞከርም። በእጅ የሚገፋው ባለሞተር መቆፈሪያ ለጥቂት መደብ ጎመን ይበቃል። ለዘመናት የተረገጠ ቀይ ሸክላ ላይ ግን እየዘለለ ክንድ ይገነጥላል። አዲስ ትንሽ ትራክተር ደግሞ የደህና መኪና ዋጋ ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. የ1951 ፎርድ 8ኤን ትራክተር ገዛሁ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በፈረንጆች ናቸው።)

ይህ ሞዴል ከ1947 እስከ 1952 ሲመረት ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ወጥቷል። ለዚህ ነው ዛሬም አሜሪካ ገጠር ውስጥ በብዛት የሚገኘው። መለዋወጫውም አይጠፋም። ሞተሩ ባለ አራት ሲሊንደር ቤንዚን ነው፤ ሠላሳ የፈረስ ጉልበት እንኳ አይሞላም። ክብደቱ 1,100 ኪሎ ገደማ ነው። ብዙ የቤት መኪና ይበልጠዋል።

ታዲያ እንዴት ያርሳል? ምስጢሩ ከኋላው ያሉት ሦስት ክንዶች ናቸው። ሐሳቡ የሃሪ ፈርጉሰን ነው፤ ሰውየው የሰሜን አየርላንድ ሰው ነበር። ማረሻው ከትራክተሩ ጋር አንድ አካል ይሆናል። ጠንካራ አፈር ሲያጋጥመው ሃይድሮሊኩ ራሱ ትንሽ ብድግ ያደርገዋል፤ ክብደቱም የኋላ ጎማዎቹ ላይ ያርፋል። ጎማው መሬት የሚቆነጥጠው በዚህ ነው። ፈርጉሰንና ሄንሪ ፎርድ በ1938 የተስማሙት እጅ በመጨባበጥ ብቻ ነበር፣ ወረቀት የለም። 8ኤን ሲወጣ ስምምነቱ ፈርሶ ነበርና ፈርጉሰን ከሰሰ። በ1952 የፎርድ ኩባንያ 9.25 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ጉዳዩ ተዘጋ። እኛ ጋ ቢሆን ሽማግሌ ይገባበት ነበር።

መሬቱን ከመንካቴ በፊት ማሽኑ ብዙ ጊዜ በላብኝ። የ8ኤን ኤሌክትሪክ 6 ቮልት ነው። ከቦዲው ጋር የሚታሰረውም የባትሪው ፖዘቲቭ ነው። መኪና የለመደ ሰው ሳያስበው ገልብጦ ሊያስረው ይችላል። ብዙዎች ወደ 12 ቮልት ይቀይሩታል፣ እኔ እንዳለ ተውኩት። ብቻ 6 ቮልት ለተመሳሳይ ሥራ እጥፍ ከረንት ስለሚፈልግ ኬብሉ ወፍራም መሆን አለበት። የቀድሞው ባለቤት ያሰረውን የመኪና ቀጭን ኬብል አውጥቼ ወፍራም ሳስገባ ሞተሪኖው ነፍስ ዘራ።

አሮጌ 8ኤን ልትገዙ ከሄዳችሁ ከቀለሙ በፊት ዘይቱን እዩ። ካምቢዮው፣ ዲፈረንሻሉና ሃይድሮሊኩ የሚጋሩት አንድ ዘይት ነው። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። ዊንተር ላይ ያ ውሃ በረዶ ከሆነ ሃይድሮሊክ ፖምፓውን ሊጎዳው ይችላል።

ከትራክተሩ ኋላ የማስረው ዲስክ ሃሮ ነው፤ ክብ የብረት ሳህኖች የተደረደሩበት፣ አፈር የሚያለሰልስ መሣሪያ። «ዲስክ ከምትጎትት ለምን በትራክተሩ የሚዞር ሮታሪ መቆፈሪያ አትገዛም?» ያሉኝ ብዙ ናቸው። ለዚህ ትራክተር አይስማማም። ሮታሪው በደንብ እንዲፈጭ በሰዓት አንድ ማይል ገደማ መሄድ ይፈልጋል። 8ኤን ግን በአንደኛ ማርሽ እንኳ በደህና የሞተር ዙር 3 ማይል ገደማ ይሄዳል። ፍሪሲዮን ስትረግጡ ደግሞ ወደ መሣሪያው የሚሄደው ኃይል አብሮ ይቋረጣል። ማረሻና ዲስክ ግን ከዚህ ፍጥነት ጋር ይግባባሉ።

የገዛሁት ዲስክ ሃሮ ስፋቱ ስድስት ጫማ ገደማ ነው፣ በሦስቱ ክንዶች የሚነሳ፣ ሁለት የፊትና ሁለት የኋላ ረድፍ ያለው። የፊቶቹ አፈሩን ወደ ውጭ ይጥላሉ፣ የኋላዎቹ ወደ ውስጥ ይመልሱታል። ኩሽኔታዎቹ ውስጥ አሮጌው ወጥቶ አዲሱ እስኪታይ ድረስ ግራሶ መግፋት፣ የላላ ቡሎን ማጥበቅ፣ በቃ። ሌላ ውስብስብ ነገር የለውም።

ሰው የሚያደንቀው ዲስኩን ነው፣ ሲሄድ ስለሚያምር። ግን ዲስክ መሬት አይከፍትም፤ የተከፈተ መሬት ነው የሚያለሰልሰው። ለሙከራ አንዱ ጥግ ላይ ሣሩ እንዳለ ሳስኬደው የባለቤቴ አባት ከደብረ ማርቆስ መጥተው እኛ ጋ ነበሩ። ቆመው አዩና «ልጄ፣ ይኼ እኮ ቧጨረው እንጂ አላረሰውም» አሉኝ። «አባባ፣ ገና ነው፣ ማረሻው ይመጣል» አልኳቸው። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው በጣታቸው ጥልቀቱን እየለኩ ነበር።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው በመከር ነው። መጀመሪያ ሣሩን አስጠግቼ አጨድኩ። 811 ደወልኩ፤ በነፃ መጥተው የጋዝና የኤሌክትሪክ መስመር የተቀበረበትን በቀለም ምልክት ያደርጉላችኋል። ከካውንቲው የግብርና ኤክስቴንሽን ቢሮ የናሙና ሳጥን ወስጄ አፈሩን ቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ላክሁ። የዚህ አካባቢ ቀይ ሸክላ ቀለሙን ያገኘው ከብረት ዝገት ነው፣ በተፈጥሮውም አሲዳማ ነው። ውጤቱም ያንኑ አለ፦ ኖራ ጨምር። የታዘዘልኝን ግማሹን ከእርሻ በፊት በተንኩ፣ ግማሹን ለዲስኩ አቆየሁ። ኖራ ላይ ላዩን ከቀረ ወደ ሥሩ ለመድረስ ብዙ ጊዜ ይፈጃል፤ መቀላቀል አለበት። በዚህ ዲስክን የሚያህለው የለም።

ከዚያ ገልባጭ ማረሻ አስሬ በኦክቶበር መጨረሻ አረስኩት። የመጀመሪያውን ትልም ለማቅናት ዓይን አጥሩ ማዶ ያለ ዛፍ ላይ ይተከላል፣ ወደ ኋላ መዞር የለም። ከሁለተኛው ጀምሮ የቀኝ ጎማዎች ፈሩ ውስጥ ስለሚሄዱ ትራክተሩ ራሱን ይመራል። የወጣው ጓል የሰው ጭንቅላት ያክላል። እንዳለ ተውኩት። ውሃ በረዶ ሲሆን ይሰፋል፣ ሲቀልጥ ይለቃል፤ ዊንተሩን ሙሉ እንዲህ ሲሆን ሸክላው በራሱ ይፈረካከሳል። በዲስክ ስንት ምልልስና ስንት ጋሎን ቤንዚን የሚጠይቀውን ሥራ ውርጩ ያለ ሂሳብ ይሠራዋል።

ፀደይ ሲመጣ ነው ትዕግሥት የሚያልቀው። ሁለት ቀን ፀሐይ ሲወጣ ከላይ ይደርቅና የደረሰ ይመስላል። ከላይ የምታዩትን አትመኑ። አንድ መዳፍ ያህል ቆፍራችሁ ከሥር አፈር አውጡ። በእጅ ጨብጡት፣ ከዚያ በአውራ ጣት ጫን በሉት። ከተፈረፈረ ግቡ። እንደ ሊጥ ተለጥፎ ከቀረ ትራክተሩን ወደ ቦታው መልሱት። እርጥብ ሸክላ ላይ አንድ ጊዜ ዲስክ ከሄደ የዲስኩ ጠርዝ አፈሩን ያሸዋል፣ ጎማው ይጨፈልቀዋል፣ ከዚያ ፀሐይ ያደርቀዋል። የሚወጣው ጡብ ነው። ያንን ጡብ በጋውን ሙሉ ዲስክም ዶማም አይፈታውም። እኔ ኤፕሪል ሊያልቅ ሲል ነው የገባሁት። ጎረቤቶቼ ከዚያ በፊት ተክለው ነበር፤ ቢያስቀናም ጠበቅሁ።

ዲስክ የሚቆርጠው በሁለት ነገር ነው፦ በረድፎቹ ማዕዘንና በክብደት። ማዕዘኑ ሲሰፋ ወደ ጥልቀት ይገባል፣ ግን ከባድ ይጎትታል። መጀመሪያ ማዕዘኑን ጠበብ አድርጌ፣ ማረሻው በሄደበት አቅጣጫ ሄድኩ። ተሻግራችሁ ከጀመራችሁ የተገለበጠውን ሣር መልሳችሁ ታወጡታላችሁ። ቀጥሎ ማዕዘኑን አስፍቼ፣ ዲስኩ ፍሬም ላይ የሲሚንቶ ብሎኬት በሰንሰለት አስሬ ተሻገርኩበት። ይኼኔ አባባ ፊታቸው ፈታ አለ። በበሬ ስናርስ ማረሻው በሁለት ትልም መካከል ያልተነካ መሬት ይተዋል፤ ለዚህ ነው ገበሬው መልሶ በመስቀለኛ የሚያርሰው። ዲስኩ የሚተወው ሌላ ነው፦ በጠርዙ ቦይ፣ በመሃሉ ጉብታ። መድኃኒቱ በየምልልሱ የቀድሞውን መንገድ በግማሽ መደረብ ነው። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን መሬቱ ደልዳላ ይወጣል።

መቼ ይቆማል? እኔ የማቆመው አብዛኛው ጓል ከለውዝ ሲያንስ ነው። ያለሰለሰው ሁሉ የተሻለ የሚመስለው ብዙ ሰው አለ፣ አልስማማም። ሸክላ ዱቄት ከሆነ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ከላዩ ቅርፊት ያለብሰዋል፣ የካሮት ዘር ያንን ሰብሮ አይወጣም። በተጨማሪም ዲስክ ሁልጊዜ በአንድ ጥልቀት ሲመላለስ ከሥሩ ጠጣር ንጣፍ ይሠራል። ስለዚህ ሥራው ካለቀ ይብቃ፣ መንዳት ቢጣፍጥም።

ሰርዶ ካለባችሁ ጉዳዩ ይለያል። የእኛው ሰርዶ ቨርጂኒያም ሞልቷል። ዲስክ ሥሩን ይቆራርጠዋል፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ደግሞ ራሱን ችሎ ይበቅላል። አንድ ጥግ ላይ ስለነበረ ያንን ክፍል ዲስክ አላስነካሁትም። በጥቁር ላስቲክ ሸፍኜ በጋውን አሳለፍኩት፣ የተረፈውን ሥር በመንሽ ለቀምኩ። አሰልቺ ሥራ ነው።

ስለ አነዳዱ አንድ ነገር። 8ኤን ላይ ሃይድሮሊክ ፖምፓው የሚዞረው በፍሪሲዮኑ በኩል በሚመጣ ኃይል ነው። ፍሪሲዮን ከረገጣችሁ ማንሳቱ ይቆማል። አጥር ጋ ደርሳችሁ በድንጋጤ ፍሪሲዮን ብትረግጡ ዲስኩ መሬት ውስጥ እንደተቀበረ ይቀራል። ዲስኩን ቀድሞ ማንሳት፣ ከዚያ መዞር ነው። ዲስኩ መሬት ውስጥ እያለ ጠበብ ብሎ መዞር ክንዶቹን ያጣምማል። ለዲስክ ከመቀመጫው ሥር ያለችውን ትንሽ ማንሻ ከፍታውን ባለበት ወደሚይዘው አድርጉ፤ ራሱን የሚያነሳው ዘዴ ለማረሻ ነው።

ይህ ትራክተር ሲወጣ ከመገልበጥ የሚከላከል ብረት የለውም። እኔ ቀበቶ ያለው አስገጠምኩበት፣ ከትራክተሩ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ውድ ነው፣ ግን አልተከራከርኩም። የኋላ ጎማ ተቀርቅሮ መዞር ሲያቅተው ሞተሩ ትራክተሩን ራሱን ነው የሚያዞረው፤ አፍንጫው ተነስቶ ነጂው ላይ ይገለበጣል። ለመዝለል ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ ጭቃ ውስጥ ከገባችሁ ጎማው ላይ ግንድ አስራችሁ ወደፊት ለመውጣት አትሞክሩ። መሣሪያውን አንሱ፣ በኋላ ማርሽ ውጡ፣ ካልሆነ ሰው ይጎትታችሁ። የሚጎተት ነገርም ከታች ካለው ብረት እንጂ ከአክሰሉ በላይ አይታሰርም።

መሬቱ በመከር ባዶ እንዳያድር አሁን አጃ እዘራለሁ፣ ዊንተር የሚችለውን ዓይነት። ዘሩን በትኜ ዲስኩን ማዕዘኑን አጥብቤ፣ ብሎኬቱን አውርጄ አንድ ጊዜ አሳልፈዋለሁ። ፀደይ ላይ ራስ ሳያወጣ ይታጨዳል፤ ካረጀ ገለባው ዲስኩ ላይ ይጠመጠማል። ከዚያ ዲስክ፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ዕረፍት፣ እንደገና ዲስክ። በመሃል የበቀለው አረም በሁለተኛው አብሮ ይሄዳል፣ ቃሪያውም ውርጩ ካለፈ በኋላ በሜይ ይተከላል።